«ውሕደት» ወይስ «ጽድቀት»? ሰው ሠራሽ እግርንና እጅን ከአጥንት፣ ከቆዳና ከነርቭ ጋር ስለ ማያያዝ የሚያስፈልጉ የአማርኛ ስያሜዎች

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ አዲስ የቀዶ ሕክምና ዘርፍ በአማርኛ የሚነገርባቸውን ወይም ሊነገርባቸው የሚገባቸውን ቃላት መመርመር ነው። ዘርፉ እግሩን ወይም እጁን ያጣ ሰው የሚጠቀምበትን ሰው ሠራሽ አካል፣ በቀረው አካል ላይ እንደ ጫማ ከማጥለቅ ይልቅ፣ በቀጥታ ከአጥንት ጋር ያያይዛል፤ ማያያዣውን ብረት በቆዳ አሳልፎ ያወጣል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም ከጡንቻና ከነርቭ ጋር ያገናኘዋል። በአጥንት፣ በቆዳና በነርቭ ላይ የሚሆነው ነገር አንድ ዓይነት ስላይደለ ሦስቱ በአንድ ቃል ሊጠሩ አይገባም የሚለው የጽሑፉ ዋና አሳብ ነው። (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሕመምተኛ የስምምነት ወረቀት የሚፈርመው በተረዳው ቃል ነው። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ብዙ ሰዎች አካላቸውን አጥተዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ከሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችም ሐኪም ፊት ሲቀርቡ በአስተርጓሚ የሚነጋገሩ አሉ። እንዲህ ላለ ሕመምተኛ የተዘጋጀ አንድ ትርጉም በእጃችን ገብቶ ነበር፤ «ብረቱ ከአጥንትዎ ጋር ይዋሐዳል» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ጉድለት የለበትም፤ ለጆሮም ያምራል። ነገር ግን በአጥንቱ ውስጥ የሚሆነውን አይናገርም።

በመጀመሪያ ስለ ዘዴው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የቆየውና ዛሬም በብዛት የሚሠራበት ሰው ሠራሽ እግር፣ የቀረውን ጭን ወይም ቅልጥም የሚያስገቡበት ጎድጓዳ ክፍል አለው። በውጭው ስሙ «ሶኬት» ብንለው ተራው አንባቢ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ይመስለዋል። አማርኛ «አፎት» የሚል ቃል አለው፤ ሰይፍ ወደ አፎቱ እንደሚገባ ቀሪው አካል ወደ ጎድጓዳው ይገባልና ይስማማል። አፎት ያለው እግር የሰውነትን ክብደት የሚያሸክመው በቆዳና በሥጋ ላይ ነው። ቆዳ ደግሞ ለዚህ አልተፈጠረም። ያልበዋል፣ ይላጣል፣ ይቆስላል፤ ሰውየው ሲከሳ ወይም ሲወፍር አፎቱ ይሰፋዋል ወይም ይጠበዋል። (ነጋድያን ለጭነት ከብት ቁስል «ገጣባ» የሚል ትክክለኛ ቃል ነበራቸው፤ ምክንያቱም አንድ ነው፤ ሆኖም የአህያን ስም ለሰው ማውረስ አይገባም።) በዚሁ ምክንያት «ጉቶ» የሚለውን ቃልም ለሰው አካል መጠቀም እንዲቀር እንመክራለን፤ «ቀሪ ጭን»፣ «ቀሪ ክንድ» ማለት ይበቃል። ይህ አነጋገር ሌላም ጥቅም አለው። በአማርኛ «እግር» ከዳሌ እስከ ጣት፣ «እጅ» ከትከሻ እስከ ጣት ሊያመለክት ስለሚችል፣ «ሰው ሠራሽ እጅ» የሚለው ሐረግ መዳፍን ይሁን መላውን ክንድ አይለይም። ተርጓሚው ከየት በታች እንደ ተቆረጠ ካልጠቀሰ አንባቢው አያውቅም።

አዲሱ ዘዴ የተገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1952 በሉንድ የጥንቸል መቅኔ ውስጥ የደም ዝውውርን ለማየት ከቲታኒየም የተሠራ መመልከቻ በአጥንት ውስጥ አስገብቶ ነበር። ጥናቱ ካለቀ በኋላ መሣሪያውን ሊያወጣ ቢሞክር አጥንቱ አጥብቆ ይዞት አልለቅ አለ። ይህ ግኝት በ1965 ጥርስ ለሌለው ሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ ለመትከል ዋለ፤ በ1990 ደግሞ በጎተንበርግ ከጉልበቱ በላይ ለተቆረጠ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በጭን አጥንት ውስጥ ተተከለ። የጭኑን ሥራ የመራው ልጁ ሪካርድ ብሮኔማርክ ነው። ሥራው በ1999 ወጥ ደንብ ወጣለት፤ የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪም መሣሪያውን በ2015 ለተወሰነ አገልግሎት፣ በ2020 በሙሉ ፈቀደ።

በጎተንበርግ ደንብ ቀዶ ሕክምናው ሁለት ጊዜ ይደረጋል። በመጀመሪያው ከቲታኒየም የተሠራ ጥርስ ያለው ብሎን በጭን አጥንት የመቅኔ ቦታ ውስጥ ይገባና ቆዳው ተዘግቶበት ስድስት ወር ያህል ይቆያል። በሁለተኛው ቆዳው ይከፈትና በብሎኑ ላይ ወደ ውጭ የሚወጣ ዘንግ ይገጠማል። ከዚያም ሕመምተኛው ለብዙ ወራት ጥቂት በጥቂት ክብደቱን ማሳረፍ ይለማመዳል። «ብሎን» እና «ዘንግ» የታወቁ ቃላት ስለሆኑ ሌላ ስም አያስፈልጋቸውም። ሰው ሠራሹ እግር ራሱ ማታ የሚወልቅ፣ ጠዋት ከዘንጉ ጋር የሚታሰር ነው። ስለዚህ «በአጥንት የተተከለ እግር» ማለት ትክክል አይደለም፤ የተተከለው ብሎኑ ነው። እግሩን «ከአጥንት ጋር የሚያያዝ» ማለት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንግባ። ብሮኔማርክ ሕያው አጥንትና ሸክም የሚችል ብረት፣ በመካከላቸው ለስላሳ ሥጋ ሳይገባ፣ ቀጥተኛ ግንኙነት የሚፈጥሩበትን ሁኔታ «ኦሴኦኢንቴግሬሽን» ብሎ ሰየመ። ቃሉ በላቲን «አጥንት» እና «ሙሉ ማድረግ» ከሚሉት የተገኘ ነው። ተርጓሚው ሁለተኛውን ክፍል «ውሕደት» ሲል ያደረገው በጋዜጣ ቋንቋ ፓርቲና ፓርቲ፣ ኩባንያና ኩባንያ ሲዋሐዱ የለመደውን ነው። ነገር ግን በአማርኛ ይህ ሥር ቀድሞ የተያዘ ነው። በተማሪ ቤት የኬሚስትሪ መጽሐፍ «ውሁድ» ከ«ድብልቅ» የሚለየው፣ ሁለት ንጥረ ነገሮች ተጣምረው ከሁለቱም የተለየ አዲስ ነገር በማስገኘታቸው ነው። በአጥንትና በቲታኒየም መካከል እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም። ብረቱ ብረት፣ አጥንቱም አጥንት እንደ ሆነ ይኖራል፤ አጥንቱ የሚያርፈውም ብረቱን በሸፈነው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ልባስ ላይ ነው። በነገረ መለኮት ዘንድ «ተዋሕዶ» ያለ መቀላቀልና ያለ መለወጥ ስለሆነ ቃሉ ይስማማል የሚል ተከራካሪ ሊኖር ይችላል። አስተያየቱ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ያ ትርጉም ለብዙ ዘመን በተማሩ ሊቃውንት ተጠብቆ የኖረ ነው፤ የስምምነት ወረቀት የሚያነብ ሰው ግን ብረቱ አጥንት የሚሆንለት ይመስለዋል። ከመሰለውም የማይላላና የማይወጣ፣ ጥንቃቄም የማያስፈልገው አድርጎ ይቀበለዋል። በሌላ በኩል ሁለት አጥንቶችን አንድ ላይ የሚያገጥም የታወቀ ቀዶ ሕክምና ስላለ «የአጥንት ውሕደት» ያንን ሊመስልም ይችላል።

የመጀመሪያው ክፍልም ችግር አለበት። የግእዝ ዘርፍ ወዳጆች «ዐፅመ» ብለው ሊጀምሩ ይወዳሉ። በግእዝ «ዐፅም» አጥንት ነው። በአማርኛ ግን «ዐፅም» ሲባል የሚታሰበው የሙት አካል ቅሪት ነው፤ ዐፅም ይፈልሳል፣ ዐፅም ያርፋል። በሕይወት ያለን ሰው እግር ለማቆም ከመቃብር ቃል መበደር አይገባም። «አጥንት» እንኳ በአማርኛ የዘር ሐረግን ስለሚያመለክት ከ«ውሕደት» ጋር ሲገናኝ የጋብቻ ወሬ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ይህ ግን ዐውደ ንባብ የሚያቃናው ትንሽ ጉዳይ ነው።

ለስብራት አማርኛ ባለጸጋ ነው። ወጌሻ «ይጠግናል»፤ የተሰበረው አጥንት «ይገጥማል»። «ገጠመ» ለጉዳያችን የቀረበ ይመስላል፤ ሕያው አጥንት ከሕያው አጥንት ጋር ሲያያዝ የሚነገር ነውና። ግን መካኒኩም ሞተሩን «ይገጥማል»። ብሎኑን በአጥንት ውስጥ ማስገባት በመካኒኩ ትርጉም መግጠም ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በስድስቱ ወራት የሚሆነው ሌላ ነገር ነው። ሐኪም «ብረቱን ገጠምነው» ብሎ የመጀመሪያውን ቀን ሲናገር ሕመምተኛው ሁሉም ነገር ያለቀ ሊመስለው ይችላል። ሁለቱን ቀን የሚለይ ቃል ያስፈልገናል።

ቃሉ በገበሬው ዘንድ አለ። ችግኝ በተተከለ ማግስት ማንም ስለ ዕጣው አያውቅም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ መሬቱን ይዞ ከቆመ «ጸደቀ» ይባላል፤ የእርሻ ባለሙያዎችም ከተተከሉት ውስጥ የቆሙትን «የጽድቀት መጠን» ብለው በመቶኛ ይቈጥራሉ። ችግኝ መጽደቁ አፈር መሆኑ አይደለም፤ አፈሩም ችግኝ አልሆነም። ሁለቱ ሳይለዋወጡ አንዱ በሌላው ውስጥ ጸንቶ መቆሙን፣ ይህንንም ለማወቅ ጊዜ መጠበቅ ግድ መሆኑን ቃሉ ይዟል። ከዚህም በላይ የሕክምና ቋንቋችን መንገዱን አስቀድሞ ጠርጎታል፤ የኩላሊት «ንቅለ ተከላ» ስንል ከነቀለና ከተከለ የተገኘ ስያሜ ነው። «ተከለ» ካልን «ጸደቀ» ማለት ተገቢ ነው። ስለሆነም «አጥንታዊ ጽድቀት» የሚለውን ለስሙ፣ «በአጥንት ውስጥ ጸደቀ» የሚለውን ለግሡ እናቀርባለን። የጸደቀውና በኋላ የተነቃነቀው «ላላ» ይባላል፤ ከመጀመሪያውም ያልያዘው «ሳይጸድቅ ቀረ»። ለሐኪም ሁለቱ የተለያዩ ውድቀቶች ስለሆኑ ልዩነቱ ሊጠበቅ ይገባል።

ሁለት ተቃውሞ ይጠበቃል። የመጀመሪያው «ጸደቀ» ጻድቅ መሆንንም ያመለክታል የሚል ነው። አዋጅም ይጸድቃል፤ ሆኖም አዋጁን ከጻድቁ ጋር ያምታታ አንባቢ አልታየም፤ ባለቤቱ ትርጉሙን ይለየዋል። ሁለተኛው ይከብዳል። ሥር የሚሰድደው ችግኙ ሲሆን በዚህ ግን ወደ ብረቱ የሚያድገው መሬት ያልነው አጥንት ነው፤ ስለዚህ ምሳሌው ተገልብጧል። እውነት ነው። ነገር ግን «ጸደቀ» የሚለው ግሥ ሥር የሰደደው ማን እንደ ሆነ አይናገርም፤ የሚናገረው የተተከለው መቆሙን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት «ሥር ሰደደ» የሚለውን አማራጭ ትተን «ጸደቀ»ን መርጠናል።

ወደ ቆዳ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። በሰው አካል ውስጥ ጠንካራ ነገር ሽፋኑን ሰንጥቆ ወጥቶ በሰላም የሚኖርበት የታወቀው ስፍራ አፍ ነው፤ ጥርስ በድድ ውስጥ ያልፋል፣ ድዱም ዙሪያውን ይዘጋል። ዘንጉ በጭን ቆዳ ሲያልፍ ግን ቆዳው ብረቱን አይይዘውም። በእንግሊዝ አገር በስታንሞር የሠሩ ተመራማሪዎች መፍትሔ ሲፈልጉ የተመለከቱት በየዓመቱ ቀንዱን የሚጥለውን የሰሜን አገር ዋላ ነው፤ የዚህ እንስሳ ቀንድ ቆዳን አልፎ የሚወጣ እውነተኛ አጥንት ነውና። እዚህ ላይ ተርጓሚ ይጠንቀቅ። የእኛ አገር አጋዘን ቀንድ የማይወድቅ፣ አጥንቱም ጥፍር በመሰለ ልባስ የተሸፈነ ነው። አማርኛ ሁለቱን በአንድ «ቀንድ» ስለሚጠራ፣ «እንደ አጋዘን ቀንድ» ብሎ መተርጎም ምሳሌውን ከንቱ ያደርገዋል። «በየዓመቱ የሚወድቅ አጥንታዊ ቀንድ» ቢባል ይረዝማል፤ ግን ይገባል።

የቆዳው ቁስል በአማርኛ «ይጠግጋል»፣ «ይሽራል»። ዘንጉ በሚወጣበት ስፍራ ያለው ግን በከፊል ብቻ ይጠግጋል፤ ፈጽሞ አይዘጋም። ስለዚህ ስፍራው «ቁስል» ሊባል አይገባም፤ ቁስል የሚድን ነው። «ጠባሳ»ም አይደለም፤ ጠባሳ የተዘጋ ነው። «የዘንግ መውጫ» እንበለው። የሁለቱ ሥጋዎች ዕጣ ምን ያህል እንደሚለያይ የስዊድን ጥናት በቁጥር ያሳያል። ከ1999 እስከ 2007 በ51 ሰዎች ላይ 55 ተከላዎች ተደርገው ከሁለት ዓመት በኋላ ሳይወጡ የቆዩት በስሌት 92 በመቶ ነበሩ። በዚያው ጊዜ ግን ከ51ዱ ውስጥ 28ቱ በዘንጉ መውጫ አካባቢ የላይ ላይ ማመርቀዝ ደርሶባቸዋል፤ በጠቅላላው 41 ጊዜ። አብዛኛው በመድኃኒት የሚታገሥ ነው። ቢሆንም «ይዋሐዳል» ተብሎ የተነገረው ሰው ይህን ሲያይ የተታለለ ይመስለዋል። «በአጥንትዎ ውስጥ ይጸድቃል፤ ቆዳዎ ግን በመውጫው ዙሪያ ፈጽሞ ስለማይዘጋ ዕድሜ ልክዎን በየቀኑ መታጠብና መጠበቅ ይኖርብዎታል» ቢባል ግን የሚፈርመው ምን እንደ ሆነ አውቆ ይፈርማል፤ ወይም አውቆ ይተወዋል።

ስለ ነርቭ ስያሜ ባጭሩ እናልፋለን፤ ዘርፉ ገና እየተለወጠ ነውና። «ነርቭ» የውጭ ቃል ቢሆንም ሥር ሰዷል። ጥንት «ጅማት» ለሁለቱም ይነገር ነበርና ዛሬ ወደዚያ መመለስ ጡንቻን ከአጥንት ከሚያስረው ጅማት ጋር ያደባልቀዋል። ቶድ ኩይከን በቺካጎ በ2002 ወደ ጠፋ እጅ ይሄዱ የነበሩ ነርቮችን ወደ ደረት ጡንቻ አዞረ፤ ሰውየው እጁን ለመጨበጥ ሲያስብ የደረቱ ጡንቻ ይኮማተራል፣ መሣሪያውም ይህን አንብቦ ሰው ሠራሹን እጅ ይጨብጣል። ለዚህ «ጠለፋ» ማለት ያጓጓል፤ ገበሬ የወንዝን ውሃ ወደ ማሳው ይጠልፋልና። ነገር ግን ልጃገረድም አውሮፕላንም የሚጠለፉበት ቃል ስለሆነ ትተነዋል፤ «ነርቭ ማዞር» ይበቃል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሂዩ ኸር ቡድን ደግሞ አንዱ ሲኮማተር ሌላው የሚሳብ ሁለት ጡንቻዎችን መልሶ ያገናኛል፤ በ2025 ይህንኑ ከአጥንታዊ ጽድቀት ጋር አጣምሮ በሁለት ሰዎች ላይ ያገኘውን ውጤት አሳትሟል። «ጥማድ ጡንቻ» ለማለት ይቃጣል፤ ሆኖም ጥማድ በሬዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚጎትቱት። «ተሳሳቢ ጡንቻዎች» ትክክለኛው ነው።

በጎተንበርግ ማክስ ኦርቲዝ ካታላንና ባልደረቦቹ በ2013 ሽቦዎችን በተተከለው ብረት ውስጥ አሳልፈው ከክንድ ጡንቻና ነርቭ ጋር አገናኙ። በ2020 ባሳተሙት ዘገባ አራት ሰዎች እንዲህ ያለውን ክንድ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ተጠቅመውበታል። መልእክቱ ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ይሄዳል፤ ሰው ሠራሹ ጣት ዕቃ ሲነካ ነርቩ ይነቃና ሰውየው የጠፋው እጁ የተነካ ያህል ይሰማዋል። ሽቦና ነርቭ ግን አይጸድቁም፣ አይጠግጉም፤ «ይገናኛሉ»።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ትርጉም መጥቀስ ግድ ነው። አካሉን ያጣ ሰው የሌለው እግሩ ሊያመው ይችላል። ይህን «የምናብ ሕመም» ወይም «የሙት መንፈስ ሕመም» ብለው የተረጎሙ አሉ። የመጀመሪያው ሕመምተኛውን ሐሰተኛ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ወደ ጠንቋይ ይልከዋል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የሌለው እግሩ ነው። «የታጣ አካል ሕመም» እንበለው።

በመጨረሻ ለሰዋስው ተመራማሪዎች አንድ ነገር እናንሣ። አማርኛ የአካልን ስሜት ሲናገር ባለቤቱን በተሳቢነት ያቆመዋል፤ «እግሬን አመመኝ»፣ «ጣቴን አቃጠለኝ»። ዕቃ ሲበላሽ ግን «ጫማዬ ተቀደደብኝ»፣ «ሰዓቴ ቆመብኝ» ይላል። አፎት ያለው እግር በሁለተኛው ወገን ነው፤ «እግሬ ተሰበረብኝ»። ከአጥንት ጋር የተያያዘ እግር ያላቸው ሰዎች መሬቱ ሸካራ ይሁን ለስላሳ በአጥንታቸው በኩል እንደሚሰማቸው ይናገራሉ፤ ብሮኔማርክና ተከታዮቹ ለዚህም ስም አውጥተውለታል፤ እኛ «አጥንታዊ ስሜት» ብንለው ይስማማል። እንዲህ ያለው አማርኛ ተናጋሪ ድንጋይ ሲረግጥ «እግሬን ነካኝ» ይላል ወይስ «እግሬ ተነካብኝ»? መልሱ ከመዝገበ ቃላት አይገኝም፤ ከአፉ መሰማት አለበት። እስከዚያው አስተርጓሚው ሁለቱንም ይጠይቅ፤ «እግርዎን ያምዎታል?» ብሎ ስለ ቀሪው ጭንና ስለ ታጣው አካል፣ «እግርዎ አስቸገረብዎት?» ብሎ ስለ ብረቱ። አንዱን ብቻ ጠይቆ «አይ፣ ደኅና ነኝ» የሚል መልስ ለሐኪሙ ካደረሰ፣ የላላው ብሎን ሳይነገር ሊቀር ይችላል።